የፊኛ ስሜት ሲያታልል፦ ወንዶች የሽንት መታገድን በመለኪያ የሚለዩበት መንገድ

አንዱ ሰው ፊኛው ውስጥ 80 ሚሊ ሊትር ሽንት ይዞ "አሁኑኑ ካልሄድኩ ያመልጠኛል" እያለ ይሮጣል። ሌላው አንድ ሊትር ተሸክሞ ምንም ሳይለው ቁጭ ብሎ ያወራል። የሁለቱም ችግር አንድ ሊሆን ይችላል፦ መውጫው ጠቧል። መውጫው የጠበበ ፊኛ በሁለት በኩል ያታልላል። መጀመሪያ ሳይሞላ ይጮኻል፤ ዓመታት ሲያልፉ ደግሞ ሞልቶ ዝም ይላል። ስለዚህ "ጨርሼ ሸንቻለሁ" ወይም "ብዙም አይመጣብኝም" የሚለውን ስሜት ብቻ ይዞ መወሰን አይቻልም። ሚሊ ሊትር የተጻፈበት ጆግ፣ ሰዓትና ደብተር ያስፈልጋል።

ስሜቱ ከየት ይመጣል፣ እንዴትስ ይበላሻል

ጤናማ ፊኛ ሲሞላ የግድግዳው ጡንቻ ዘና ብሎ ይለጠጣል፣ መውጫውን የሚዘጋው ጡንቻ ደግሞ እንደተጨበጠ ይቆያል። ከ150 እስከ 250 ሚሊ ሊትር አካባቢ "ሽንት አለ" የሚል ቀላል መልእክት ይመጣል፤ ሥራ ከያዙ ይረሳል። ወደ 400 ሲጠጋ ግን ወጠር ያደርጋል፣ አይረሳም። መልእክቱ በነርቭ ወደ ታችኛው የህብለ ሰረሰር ክፍል፣ ከዚያም ወደ አንጎል ይሄዳል። የወገብ ዲስክ መንሸራተት፣ የቆየ ስኳር በሽታና በዳሌ ውስጥ የተሠራ ቀዶ ሕክምና ፊኛን የሚነኩት በዚህ መስመር በኩል ነው።

የፕሮስቴት ዕጢ ከፊኛው አንገት ሥር የሽንት ቧንቧውን እንደ ቀለበት ከብቦ ይገኛል። በዕድሜ ሲያድግ ቧንቧውን ይጫነዋል። በወጣት ላይ ግን ፕሮስቴትን ከመጠርጠር በፊት የቧንቧ ጥበትን መጠርጠር ይሻላል፤ የቆየ ጨብጥ፣ ቀደም ብሎ የገባ ካቴተር (ሽንት ማውጫ ቱቦ) ወይም በብሽሽትና በመቀመጫ መካከል የደረሰ ምት ጠባሳ ትቶ ቧንቧውን ያጠባል። እንዲህ ያለው ሽንት ቀጭን ሆኖ ይወርዳል፣ አንዳንዴም ለሁለት ይከፈላል ወይም ይረጫል።

መውጫው ሲጠብ ፊኛው አብዝቶ ይገፋል። የሚገፋ ጡንቻ ይወፍራል፤ የወፈረው ደግሞ እንደ በፊቱ አይለጠጥም፣ ነርቮቹም ይቆጣሉ። በዚህ ላይ ሒሳቡን እንመልከት። ፊኛው የሚይዘው 350 ሚሊ ሊትር ቢሆንና ሸንተው ሲወጡ 250 ቢቀር፣ ለአዲስ ሽንት የሚተርፈው ቦታ 100 ብቻ ነው። ሰውየው በየሰዓቱ ሽንት ሽንት የሚለው ብዙ ስለሚጠጣ አይደለም፤ ተነሥቶ የሚሄደው የሞላ ዕቃ አፉን ሊቀንስ ነው።

ይህ ሁኔታ ሳይታከም ከቆየ ጡንቻው ይደክማል፣ ይላላል፣ ስሜቱም ይደነዝዛል። ብዙ ሰው "ተሻለኝ" የሚለው እዚህ ላይ ነው፤ ማጣደፉ ቀርቷል፣ ሌሊት መነሣቱም ቀንሷል። በእኛ ግምት ከሁሉም የከፋው ደረጃ ይኸው ጸጥታ ነው። የሚጮኸው ፊኛ ባለቤቱን ሐኪም ዘንድ ይወስደዋል። ዝም ያለው ግን ግፊቱን ወደ ኋላ ወደ ኩላሊት እየመለሰ ሳይታወቅ ሊያበላሸው ይችላል። አዋቂ ወንድ ሌሊት አልጋ ላይ ማምለጥ ከጀመረው፣ ቀን ላይ ምንም ባይሰማው እንኳ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ፊኛው ሞልቶ እየፈሰሰ እንዳይሆን ነው።

የሦስት ቀን መዝገብ

ግማሽ ወይም አንድ ሊትር የሚይዝ፣ ሚሊ ሊትር የተጻፈበት የፕላስቲክ ጆግ ያዘጋጁና መጸዳጃ ቤት ያስቀምጡ። ከቤት ውጭ ለሚውሉበት ሰዓት ክዳን ያለው ሁለተኛ ዕቃ ይጠቅማል። ሦስቱ ቀናት የግድ ተከታታይ መሆን የለባቸውም፤ አንዱ የሥራ፣ አንዱ የዕረፍት ቀን ቢሆን ጥሩ ነው። በእነዚህ ቀናት አጠጣጥዎን አይቀይሩ። ብዙ መዝገብ የሚበላሸው ሰው ስለሚለካ ብቻ ውሃ ስለሚያበዛ ወይም ስለሚቀንስ ነው።

በሸኑ ቁጥር ሰዓቱን፣ መጠኑንና የስሜቱን ኃይል ይጻፉ። ለስሜቱ ቁጥር ይስጡት፦ ምንም ሳይልዎ እንዲሁ ከሄዱ 0፣ ሽንት እንዳለ ብቻ ከተሰማዎ 1፣ ወጥሮዎት ግን መታገሥ ከቻሉ 2፣ እያጣደፈዎ ከደረሱ 3፣ ሳይደርሱ ካመለጠዎ 4። በሌላ ረድፍ የጠጡትን ይጻፉ፤ ሾርባና ወተትም ይቆጠራሉ። የተኙበትንና የተነሡበትን ሰዓት ማስመር አይርሱ።

የሌሊቱ ስሌት ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። የሌሊት ሽንት ማለት ከተኙ በኋላ ተነሥተው የሸኑት ሁሉ ሲደመር ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የሚሸኑት የመጀመሪያው ነው። ከመተኛትዎ በፊት የሸኑት የቀን ነው። ይህን ድምር ለ24 ሰዓቱ ጠቅላላ ያካፍሉት።

ሦስት መዝገቦችን ጎን ለጎን እንይ።

አንደኛው ሰው ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኝቷል። ሌሊት 7 ሰዓት 90፣ 9 ሰዓት 80፣ 11 ሰዓት 100፣ ጠዋት ሲነሣ 110፤ ስሜቱ ሁሉም ላይ 3። ድምሩ 380 ነው፣ የ24 ሰዓቱ 1,500፤ ሩብ ያህል ነው ማለት ነው። ኩላሊቱ ሌሊት ብዙ አላመረተም። ችግሩ ፊኛው ዘንድ ነው፦ ወይ ቀሪ ሽንት አለ፣ ወይ ፊኛው ተቆጥቶ ሳይሞላ ይጨመቃል።

ሁለተኛው ሌሊት 7 ሰዓት 380፣ 10 ሰዓት 400፣ ጠዋት 420 ሸንቷል። 1,200 ከ2,100፣ ከግማሽ በላይ ነው። ዕድሜው ከ65 በላይ ለሆነ ሰው ከሲሶ ማለፉ ሌሊት ሽንት እየበዛ መሆኑን ያሳያል፤ ለወጣት ድንበሩ ወደ 20 በመቶ ይወርዳል። የዚህ ሰው ፊኛ ደህና ይይዛል። መታየት ያለበት የእግር እብጠት፣ ልብ፣ እያንኮራፉ ትንፋሽ መቆራረጥ፣ ማታ የሚጠጣው፣ ወይም ሽንት የሚያበዛ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድበት ሰዓት ነው። ፕሮስቴቱን ቢቀደድ ሌሊት መነሣቱ አይተወውም፤ እንዲህ ሆኖ የሚቆጭ ሰው ጥቂት አይደለም።

ሦስተኛው በቀን ሦስቴ ብቻ ይሸናል፤ 600፣ 650፣ 700፣ ስሜቱ 0 ወይም 1። ከሁሉም ጤነኛ የሚመስለው እሱ ነው። ቶሎ አልትራሳውንድ መታየት ያለበት ግን እሱ ነው።

የሽንቱን ፍጥነት መለካት

እንደ ልማድዎ ሲወጥርዎ ሄደው ጆግ ውስጥ ይሽኑ። ሽንቱ ከጀመረበት እስከ ቆመበት ያለውን ሰከንድ ይቁጠሩና ሚሊ ሊትሩን ለሰከንዱ ያካፍሉ። 240 ሚሊ ሊትር በ40 ሰከንድ ከወጣ በአማካይ በሰከንድ 6 ነው። የሕክምና ማሽን የሚያነበው ከፍተኛውን ነጥብ ስለሆነ ቁጥሩ ከእርስዎ አማካይ ይበልጣል። በማሽኑ ከ15 በላይ ብዙ ጊዜ ደህና ነው፤ ከ10 በታች ጥርጣሬ ያስነሣል። ከ150 ሚሊ ሊትር በታች የተሸነ ከሆነ ግን ልኬቱ ይጣል፣ ትንሽ ሽንት ሁልጊዜ በቀስታ ነው የሚወርደው። ከልክ በላይ ይዞ መሄድም እንዲሁ ያሳስታል።

አያምጡ። በሆድ ጡንቻ ገፍተው ያገኙት ፍጥነት የፊኛው አይደለም፤ ማማጡ ራሱም ሲውል ሲያድር ኪንታሮትና ቡአ ያባብሳል። ለመጀመር ስንት ሰከንድ እንደቆዩ፣ ስንቴ እንደተቆራረጠ፣ መጨረሻ ላይ ምን ያህል እንደተንጠባጠበ ከቁጥሩ አጠገብ ይጻፉት።

ቀስ ብሎ የሚወርድ ሽንት መውጫው መጥበቡን በራሱ አያረጋግጥም፤ ጡንቻው ደክሞም ሊሆን ይችላል። ከውጭ ሲታዩ ሁለቱ አይለዩም።

ሐኪም ዘንድ

ሰባት ጥያቄ ያለው የፕሮስቴት ምልክት መጠይቅ ይሰጥዎ ይሆናል። እያንዳንዱ ከ0 እስከ 5 ይነጠባል፤ እስከ 7 ቀላል፣ ከ8 እስከ 19 መካከለኛ፣ ከ20 እስከ 35 ከባድ ይባላል። የሚለካው ምን ያህል እንዳስቸገረዎ ነው፤ ምክንያቱን አይናገርም። የሽንት ምርመራና ክሬአቲኒን (የኩላሊትን ሥራ የሚያሳይ የደም ምርመራ) ይታዘዛሉ፤ ፒኤስኤ የሚባለው የፕሮስቴት የደም ምርመራ ከታዘዘ ደግሞ ሽንት ተዘግቶ በከረመበት፣ ካቴተር በገባበት ወይም ኢንፌክሽን ባለበት ሰሞን ባይወሰድ ይሻላል፣ ከፍ ብሎ ያስደነግጣል። በጣት የሚደረገው ምርመራ የዕጢውን መጠንና ጥንካሬ ይነግራል፣ የመዝጋት ኃይሉን ግን አይነግርም። ትንሽ ፕሮስቴት ወደ ፊኛው አንገት ብቅ ብሎ እንደ ውታፍ ሊዘጋ ይችላል፤ ትልቁ ደግሞ ወደ ውጭ አድጎ ምንም ላይነካ ይችላል።

ዋናው ቀሪ ሽንትን በአልትራሳውንድ መለካት ነው። ስህተቱ የሚፈጠረው ከመለኪያው በፊት ነው። "ብዙ ውሃ ጠጣና ያዝ" ተብሎ ሁለት ሰዓት ወረፋ የጠበቀ ሰው ፊኛው ከልክ በላይ ተለጥጦ ስለሚደክም ጤነኛ እንኳ ቢሆን ያስቀራል። እንደ ልማድዎ ወጠር ሲያደርግዎ ይሽኑ፣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለኩ። ቁጥሩ ከፍ ካለ ሌላ ቀን እንዲደገም ይጠይቁ። ከ50 በታች ከቀረ ያስደስታል። 200 እና 300 ላይ ክትትል ይጀመራል፣ ኩላሊቱም አብሮ ይታያል።

በመውጫ መጥበብና በጡንቻ ድካም መካከል የሚፈርደው የግፊትና የፍሰት ምርመራ ነው። አንድ ቀጭን ቱቦ በሽንት ቧንቧ ወደ ፊኛ፣ ሌላ በፊንጢጣ በኩል ይገባል። ሁለተኛው የሆድን ግፊት ስለሚያነብ፣ ሲቀነስ የፊኛው ጡንቻ የራሱ ግፊት ይቀራል። ፊኛው በቀስታ በውሃ እየተሞላ መጀመሪያ መቼ እንደተሰማዎ፣ መቼ መሽናት እንዳሰኘዎ፣ መቼ አልቻልኩም እንዳሉ ይመዘገባል። እዚህ ላይ ጀግንነት አያስፈልግም፣ እንደተሰማዎ ይናገሩ። ከዚያ ይሸናሉ። ስሌቱ፦ በከፍተኛው ፍሰት ሰዓት ከነበረው ግፊት ላይ የፍሰቱን እጥፍ መቀነስ። ሁለት ሰዎች ሁለቱም በሰከንድ 8 ሚሊ ሊትር ቢሸኑ፣ የአንዱ ግፊት 70 ከሆነ 70 ሲቀነስ 16፣ 54 ይሆናል፤ ከ40 በላይ ስለሆነ መውጫው ታግዷል። የሌላው 25 ከሆነ 25 ሲቀነስ 16፣ 9 ነው፤ ከ20 በታች ስለሆነ መውጫው ክፍት ነው፣ የደከመው ጡንቻው ነው። የመጀመሪያው በቀዶ ሕክምና የመዳን ዕድሉ ጥሩ ነው፤ ሁለተኛው ቢቀደድ ብዙ አያገኝም። ከ20 እስከ 40 ያለው አከራካሪ ነው። ሁሉም ሰው ይህ ምርመራ አያስፈልገውም። ስኳር ወይም የነርቭ ችግር ያለበት፣ ወጣት የሆነ፣ ወይም ፊኛው ዝም ያለ ሰው ግን ቀዶ ሕክምና ከመስማማቱ በፊት ቢጠይቅ ይገባዋል።

በመድኃኒት ላይ

ታምሱሎሲን የመውጫውን ጡንቻ ያላላል፤ 0.4 ሚሊ ግራም በቀን አንዴ፣ ሁልጊዜ ከአንዱ ማዕድ ግማሽ ሰዓት በኋላ ይወሰዳል። በባዶ ሆድ ሲወሰድ ማዞሩ ይበረታል፤ በተለይ ሌሊት ከአልጋ በድንገት መነሣት ይጥላል። ለውጡ በቀናት ወይም በሁለት ሳምንት ይታያል። የዘር ፈሳሽ መቀነስ ወይም አለመውጣት ሊያመጣ ይችላል፤ መድኃኒቱ ሲቆም ይመለሳል። የዓይን ሞራ ቀዶ ሕክምና ካለብዎ ይህን መድኃኒት እንደሚወስዱ፣ ቢያቆሙትም እንደወሰዱ፣ ለዓይን ሐኪሙ ይንገሩ። ፊናስተራይድ 5 ሚሊ ግራም ዕጢውን ያሳንሳል፣ ግን ወራት ይፈልጋል፤ ስድስት ወር ሳይሞላ "አልሠራም" ብሎ መተው የተለመደ ስህተት ነው። ፒኤስኤንም በግማሽ ያህል ስለሚያወርድ ውጤቱን የሚያነበው ሐኪም ማወቅ አለበት። እርጉዝ ሴት የተሰበረውን እንክብል በእጇ አትንካ።

የሚያጣድፍ ፊኛን የሚያረጋጉ እንደ ኦክሲቡቲኒንና ሶሊፈናሲን ያሉት ቀሪ ሽንት ሳይለካ አይጀመሩም። የደከመን ጡንቻ ይበልጥ ያዝሉታል።

ከፋርማሲ በቀላሉ የሚገዛ የጉንፋን መድኃኒት ደግሞ ለብቻው ሊነሣ ይገባዋል። ስዶኢፌድሪን የፊኛውን አንገት ያጠብቃል፤ ክሎርፌኒራሚንና መሰሎቹ ጡንቻውን ያዳክማሉ። ሁለቱ በአንድ እንክብል ተቀላቅለው ይሸጣሉ። ለዓመታት እየተቸገረ የሸና ሰው በአንድ ጉንፋን ሌሊት ጭራሽ እምቢ የሚለው አንዳንዴ በዚህ ነው። ለድብርትና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን፣ ለሆድ ቁርጠት የሚሰጠው ሃዮሲን፣ ሞርፊን መሰል ማስታገሻዎችና የከረረ የሆድ ድርቀትም እንዲሁ ያደርጋሉ።

በቤት የሚሠራ

ቀሪ ሽንት ካለዎ ተቀምጠው ይሽኑ፤ እግርዎ መሬት ይንካ፣ ትከሻዎ ይላላ። ሲጨርሱ ተነሥተው ጥቂት ይራመዱ፤ ከአንድ ሁለት ደቂቃ በኋላ ቁጭ ብለው ትንሽ ወደ ፊት ዘንበል ብለው እንደገና ይሞክሩ። የሁለተኛውን መጠን ለብቻ ይለኩት። በየጊዜው 100 እና ከዚያ በላይ የሚወጣ ከሆነ የመጀመሪያው አላራገፈም ማለት ነው።

ሱሪ ከታሰረ በኋላ ጠብ የምትለው ግን ሌላ ጉዳይ ናት። እሷ ከፊኛ አትመጣም፤ ከቆለጥ ከረጢት ጀርባ ባለው የቧንቧው ጎድጓዳ ክፍል የቀረች ናት። ሁለት ሦስት ጣትዎን ከከረጢቱ ጀርባ፣ ከፊንጢጣው ፊት ያለው ስፍራ ላይ አድርገው ቀስ ብለው ወደ ላይ ይጫኑ፤ ሳይለቁ ወደ ፊት፣ ወደ ብልት ሥር ይግፉ። ሁለት ጊዜ ይድገሙት። ብልትን ማራገፍ ብቻ አያወጣትም።

ስሜቱ ለደነዘዘ ሰው ደወል ይተካል። የስልክዎን ደወል በየ3 ወይም 4 ሰዓቱ እንዲጮህ ይሙሉ፣ አማረዎም አላማረዎም ይሂዱ፤ አንዱ ሽንት ከ400 እስከ 500 እንዳያልፍ ክፍተቱን ያስተካክሉ። ለሚጮኸው ፊኛ ተቃራኒው ነው፤ ቀሪ ሽንት ጥቂት መሆኑ ከተረጋገጠ፣ ስሜቱ ሲመጣ ቆመው፣ የፊንጢጣን ጡንቻ ደጋግመው ጨበጥ ለቀቅ አድርገው ማዕበሉ እስኪያልፍ ይጠብቁ፣ ክፍተቱን በየሳምንቱ 15 ደቂቃ ይጨምሩ። ቀሪው ሳይለካ ይህን ልምምድ መጀመር የሞላ ፊኛን ማስጨነቅ ነው።

ሽንት ጭራሽ እምቢ ሲል

ከእምብርት በታች ተወጥሮ፣ እያመመ፣ ጠብ የማይል ከሆነ መጠጣት ያቁሙ። "ውሃ ይገፋዋል" የሚባለው ፊኛውን ይበልጥ ይለጥጠዋል። ለብ ያለ ውሃ ውስጥ መቀመጥ መሞከር ይቻላል፤ ካልረዳ በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ይሂዱ። ምንም ነገር ወደ ቧንቧው አያስገቡ። ካቴተር ሲገባልዎ ስንት ሚሊ ሊትር እንደወጣ እንዲጻፍልዎ ይጠይቁ፣ ለቀጣዩ ሐኪም ከሁሉም የሚጠቅመው ቁጥር እሱ ነው። ከሊትር በላይ ከወጣና ክሬአቲኒን ከፍ ካለ በሰዓት የሚወጣው ይቆጠራል፤ በሰዓት ከ200 በላይ እየወጣ ከቀጠለ ጨውና ፈሳሽ ስለሚጎድል ሆስፒታል መቆየት ይገባል። ብዙ ጊዜ ታምሱሎሲን ተጀምሮ ከሁለት ሦስት ቀን በኋላ ካቴተሩ ወጥቶ ይሞከራል።

ሽንት እምቢ ከማለቱ ጋር የወገብ ሕመም፣ ኮርቻ ላይ ሲቀመጡ በሚነካው የሰውነት ክፍል መደንዘዝ፣ የእግር መዛል ወይም ሰገራ መቆጣጠር አለመቻል ካለ ፕሮስቴት አይጠርጥሩ። የታችኛው ህብለ ሰረሰር ነርቮች ተጭነው ሊሆን ስለሚችል ነገ የሚባልበት አይደለም። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት፣ ወይም የረጋ ደምም እንዲሁ ያስቸኩላል።

ራስን በካቴተር ማራገፍ

ጡንቻው ለማይመለስለት ሰው፣ በቀን ከ4 እስከ 6 ጊዜ በራስ እጅ ካቴተር አስገብቶ ማራገፍ ሁልጊዜ ከሚንጠለጠል ቱቦ የተሻለ ነው፤ ኢንፌክሽኑም ይቀንሳል። የመጀመሪያውን ጊዜ ነርስ ፊት ይማሩት። ለወንድ ቁጥር 12 ወይም 14፣ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ይበቃል። እጅዎን ይታጠቡ፣ የብልቱን ጫፍ በውሃ ያጽዱ፣ ማለስለሻ ጄል ይጠቀሙ፤ አብዛኛው ሕመም የሚመጣው ጄል ከመሰሰት ነው። ብልቱን ወደ ላይ ቀጥ አድርገው ይያዙት፣ እንዲህ ሲሆን የቧንቧው መታጠፊያ ይቃናል። በቀስታ ያስገቡ። ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ሲደርስ የሚዘጋው ጡንቻ ይይዘዋል። እዚያ ላይ አይግፉ። ሳይለቁ ይቆዩ፣ ረጅም ትንፋሽ ያስወጡ ወይም ለመሽናት እንደሚሞክሩ ያድርጉ፤ ጡንቻው ሲላላ ይገባል። ሽንት መውረድ ሲጀምር 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ጨምረው ብልቱን ወደ ታች ያውርዱ። ሲቆም ቀስ ብለው ይሳቡት፤ እየሳቡ ሳለ እንደገና ከወረደ ቆም ይበሉ፣ ከታች የቀረው ነው።

አልገባ ካለ በኃይል መግፋት የቧንቧውን ግድግዳ ቀዶ ውሸተኛ መንገድ ይከፍትና ቀጣዩን ሁሉ ያከብዳል። ግማሽ ሰዓት አርፈው ይሞክሩ፣ ያኔም እምቢ ካለ ወደ ሐኪም ይሂዱ። የወጣውን መጠን መጻፍ አያቋርጡ፦ በተከታታይ ከ500 በላይ ከሆነ አንድ ጊዜ ይጨምሩ፣ በራስዎ ሸንተው ካቴተሩ የሚያወጣው ለሳምንታት ከ100 በታች ከሆነ መዝገቡን ይዘው ስለመቀነስ ሐኪሙን ያማክሩ።